ካሜራው «የለም» ያለው ስንጥቅ

አክስቴ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ግድግዳውን ነው። እጅ እየጨበጠች፣ ጉንጭ እየሳመች፣ ዓይኗ በባለቤቶቹ ትከሻ ላይ ተሻግሮ ማዕዘን ማዕዘኑን ይዳብሳል። ጎረቤቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ልትመጣ ነው ሲባል ሥዕል ያለው ሥዕሉን፣ ቁም ሣጥን ያለው ቁም ሣጥኑን ገፋ አድርጎ ስንጥቁን ይሸፍናል። አንዴ እናቴ መስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ አዲስ መጋረጃ ሰቅላ ጠበቀቻት። አክስቴ ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰችና፣ «እህቴ፣ መጋረጃው ያምራል። ከኋላው ያለው ግን ከሥር ነው የመጣው። ቧንቧሽን አሳዪ» ብላ ሄደች። ቧንቧው እውነትም ያፈስስ ነበር።

ሥራዋ ድልድይ መመርመር ነው። በከተማው መንገዶች ቢሮ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ «እትዬ ስንጥቅ» ይሏታል፤ ስሙን ከመልመዷ የተነሣ በእውነተኛ ስሟ ሲጠሯት ትንሽ ቆይታ ነው አቤት የምትለው።

እኛ ድልድይን የምናውቀው ከላይ ነው፤ አስፋልቱን፣ የብረት አጥሩን፣ የመኪናውን ሰልፍ። እሷ የምታውቀው ከሆዱ በኩል ነው። በመሰላል ወይም በገመድ በሚጎተት ቅርጫት ወጥታ፣ ስንጥቁን በዓይኗ ትከተለዋለች፤ ዓይኗ ሲያቅተው በጣቷ ጫፍ ትከተለዋለች። ስንጥቁ ያለቀበት ቦታ ስትደርስ ከኪሷ ወፍራም ቀይ እርሳስ አውጥታ አጭር መስመር ትጎትትበታለች፤ ከጎኑ የዕለቱን ቀን ትጽፋለች። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ ታያለች። «ቀዩ መስመር ላይ ከቆመ ተኝቷል» ትላለች፣ «መስመሩን ካለፈ ነቅቷል ማለት ነው።»

አንድ ጊዜ ከተማችንን በሚያቋርጠው ወንዝ ላይ ካለው ድልድይ ሥር ቆሜ ቀና ብዬ አይቻለሁ። ከላይ የከባድ መኪና ጎማ ሲንጎደጎድ ደረቴ ድረስ ይሰማኛል። ኮንክሪቱ ላይ ደግሞ ቀይ መስመሮችና ቀኖች፣ አንዱ ከሌላው በላይ፣ ግማሹ የደበዘዘ፣ ግማሹ ትናንት የተጻፈ የሚመስል። እኔ ሳልወለድ የተጻፈ ቀን አለ፤ የተወለድኩበት ሳምንት አለ። ይህ ሁሉ ሰው በየቀኑ በላዩ ያልፋል፤ አንዲት ሴት ሥር ሥሩን እየሄደች ስትጽፍ እንደኖረች የሚያውቅ ግን የለም። አፌን ከፍቼ መቅረቴ ትዝ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ከመሰላል ስትወርድ ጉልበቷ ከዳት። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶው ጫፍ አሳያት። እሷም ጠጋ ብላ አየችና፣

«ስፋቱ ስንት ነው?» አለችው።

«የምኑ?»

«የስንጥቁ።»

«እናቴ፣ ይሄ ስንጥቅ አይደለም። አጥንት ከአጥንት ጋር ተፋጭቶ አልቆ ነው። ከእንግዲህ መሰላል የሚባል ነገር ይርሱት።»

የቢሮዋ ኃላፊ በዕድሜ ከእሷ አሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ፣ ትሑት ሰው ነው። አስጠራትና ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁር ካሜራ አስቀመጠላት። ሌንሱ የማይቀየር፣ ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለውን ሁሉ በአንድ አካል የያዘ፣ ሱፐርዙም የሚሉት ዓይነት ነው።

«አንድ ወር ይሞክሩት» አላት። «ጥንካሬውንና ድክመቱን ጽፈው ያምጡልኝ። ከወንዙ ዳር ቆመው መመርመር የሚያስችል ከሆነ ሥራዎ ላይ ይቀጥላሉ። ካልሆነ ግን…»

ቀሪውን መናገር አልፈለገም። እሷ ታውቀዋለች። ቀሪው ምድር ቤት ያለው መዝገብ ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ፋይል ማውጣትና ፋይል መመለስ ነው። በእሷ ቦታ ደግሞ መውጣት የሚችል ሰው ይተካል። እንግዲህ የካሜራው ዳኛ አክስቴ ሆነች፤ ፍርዱ የሚያርፈው ደግሞ በራሷ ላይ ነው።

ካሜራውን መጀመሪያ ያየነው እኛ ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ ቆማ አበራችው። ሌንሱ እየተንሿሿ ወጣ፤ ቆመ፤ እንደገና ወጣ።

«ውይ! አንገቱን እንደ ኤሊ ነው የሚያወጣው» አለች እናቴ።

«ዝም በይ፣ እያየሁ ነው።»

«ምን ይታይሻል?»

ከሸለቆው ማዶ፣ በባዶ ዓይን ስትታይ የክብሪት ሣጥን የምታክል ፎቅ አለች። ካሜራውን ስትሰጠኝ በዚያች ሣጥን ሰገነት ላይ የተሰጣ ሸሚዝ አየሁ፤ ሸሚዙ ላይ አምስት ቁልፎች ቆጠርኩ፤ አንዱ ቁልፍ ከሌሎቹ በተለየ ክር ተሰፍቷል። ዓይኔን አንሥቼ ሳይ ፎቋ እንደገና የክብሪት ሣጥን ሆነች። ወደ ካሜራው ስመለስ ያቺ የተለየች ክር እዚያው አለች። በእኔና በዚያ ክር መካከል ወንዝ፣ ገደል፣ ገበያ፣ ሁለት አስፋልት አለ።

«የሰው ቤት አትዩ፣ ነውር ነው» አለች እናቴ። ትንሽ ቆይታ፣ «እስቲ ስጡኝ» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ያቺ ሴትዮ መስኮቷን ከወለወለች ዓመት ሆኗታል» አለች።

አክስቴን ያስደነቃት ሌላ ነገር ነበር። «እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለች፣ መዳፏን ዘርግታ እያሳየችን፤ እውነትም ይንቀጠቀጥ ነበር። «ሥዕሉ ግን አይንቀጠቀጥም። የእኔን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ ውስጡ ያስቀረዋል። እንዲህ ያለ ደግ ነገር አይቼ አላውቅም።»

በማግስቱ ቅዳሜ ወንዙ ዳር አብሬያት ወረድኩ። ድልድዩ አምስት ምሰሶ አለው። ታጣፊ ወንበሯን ዘርግታ፣ የታመመ እግሯን ቀጥ አድርጋ፣ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አሰረችው። መጀመሪያ ተሰቃየች። ዙሙን እስከ መጨረሻው ስትስበው ምሰሶው ይጠፋና ሰማይ ብቻ ይቀራል፤ ስትፈልገው ውሃ ታገኛለች፤ ውሃውን ትታ ስትፈልግ የሰው ጣሪያ ታገኛለች። «የት ሄደ? አምስት ፎቅ የሚያክል ነገር እንዴት ይጠፋል?» እያለች ትበሳጫለች። ቆይታ ከሌንሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ አገኘች፤ ሲጫኗት እይታውን ለአፍታ ወደ ኋላ ታሸሻለች፣ ሲለቋት እዚያው ትመልሳለች። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለላት።

ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ስትደርስ በእጇ ጠራችኝ።

«ነዪ እዪ» አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

አየሁ። ቀይ መስመር፣ ከጎኑ ቀን። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የተጻፈ። አርባ ሜትር ርቀን የእርሳሱ ጫና የላላበት ቦታ እንኳ ይታያል፤ «ሰባት» ቁጥር ላይ እጇ ትንሽ ዘንበል ብሏል።

«ያን ቀን ነፋስ ነበር» አለች። «ቅርጫቱ እየተወዛወዘ ነው የጻፍኩት። እዪው፣ ነፋሱ እስካሁን እዚያ አለ።»

ስልኳን አውጥታ ለኃላፊው ደወለችለት። «ይሠራል!» አለችው። «የራሴን ጽሑፍ አነበብኩት! ከዚህ ቁጭ ብዬ!» እሱም በወዲያኛው ጫፍ ከልቡ ሲደሰት ይሰማል።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሠራች። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ የካሜራውን ጠባይ እንደ አዲስ ምራት ጠባይ መዘገበችው። ቀላል ነው፤ ከጠዋት እስከ ቀትር አንገት ላይ ተንጠልጥሎ አይከብድም። ሌንስ መቀየር፣ አቧራ ማስገባት የለም። ዓይን ላይ የሚደረገው መመልከቻው ፀሐይ ባለበት ከስክሪኑ ይሻላል። ሰነፍ ግን ነው፤ ሲያበሩት እስኪነቃ ወፉ በሮ ይሄዳል፤ ደግነቱ ድልድይ አይበርም። ባትሪው እኩለ ቀን ሳይደርስ ያልቃል። ቀትር ላይ ከውሃው የሚነሣው ሙቀት ምሰሶውን እንደ መጋረጃ ያርገበግበዋል፤ ስለዚህ ጠዋት ነው መሥራት። ከሌንሱ አቅም በላይ ሲያጎሉት ደግሞ የሚያየውን ትቶ ይገምታል፤ ያንን ዙም አጠፋችው።

አራተኛው ምሰሶ ሁልጊዜ ጥላ ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ስንጥቅ ከሁለት ዓመት ወዲህ የተገኘ ሲሆን፣ ምሰሶው የድልድዩን ወገብ ወደሚሸከምበት ቦታ ያቀናል። አነጣጥራ አየችው። ቀዩ መስመር ቁልጭ ብሏል፤ ስንጥቁም መስመሩ ላይ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ በላይ ንጹሕ ኮንክሪት ነው። ደብተሯ ላይ «ተኝቷል» ብላ ጻፈች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቹን በእኛ ቴሌቪዥን ልታያቸው መጣች። እናቴ ሽንኩርት ትልጣለች። አክስቴ የአራተኛውን ምሰሶ ፎቶ ከፍታ ቆየች፤ ከወንበሯ ተነሥታ ቀረበች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ቀረበች።

«ይሄ ኮንክሪት ለምንድነው እንዲህ ያማረው?»

«ማማሩም ጥፋት ሆነ?» አለች እናቴ።

«ቀዳዳዎቹ የሉም። ኮንክሪት ሲፈስስ አየር ይይዛል፤ ሲደርቅ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች ይቀሩበታል። ይህን ምሰሶ በእጄ አውቀዋለሁ፤ ፊቱ ፈንጣጣ የጎበኘው ነው። እዚህ ግን…» ጣቷን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ሙሽራ መስሏል። ፎቶ ቤት ገብቶ የወጣ ሙሽራ።»

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምታስረዳ ይመስል ተናገረች። ጥላ ውስጥ ብርሃን ሲያንሰው ፎቶውን ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ይሞላዋል። ካሜራው አሸዋው እንዳይታይ ይጠርገዋል። ሲጠርግ ደግሞ ቀጭን ነገር ሁሉ አብሮ ይጠረጋል፤ ቀዳዳም፣ ጸጉርም፣ ጸጉር የምታክል ስንጥቅም።

«ታዲያ ጽሑፍሽ ቁልጭ ብሎ ይነበብ የለ?»

«እሱ ነው ያሞኘኝ» አለች አክስቴ። «የእኔ መስመር እንደ ጣት ይወፍራል። ጽሑፌን ሳነብ ኮንክሪቱን ያነበብኩ መሰለኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼ በገዛ እጅ ጽሑፌ ተሞኘሁ።»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። እህቷን ከእኔ የበለጠ ታውቃታለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ገብቷታል።

«ስሚኝ። ተኝቷል ብለሽ ጽፈሻል፤ መተኛቱ አይቀርም። ሁለት ዓመት የተኛ ለምን ዛሬ ይነቃል? ይሄን ካሜራ ካጣጣልሽው እዚያ ምድር ቤት እንደሚከቱሽ ታውቂያለሽ። አንቺ ደግሞ ሰማይ ሳታዪ አንድ ሳምንት አትቆዪም።»

አክስቴ ጉልበቷን በመዳፏ እያሸች ቴሌቪዥኑን ታያለች። ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ያ ለስላሳ፣ እንከን የሌለው ኮንክሪት ያያታል።

«ሽንኩርቱ ዓይኔን አቃጠለው» አለች በመጨረሻ። ከዚያም፣ «ነገ ጦጣውን እጠራዋለሁ» አለች።

ጦጣው በገመድ ምሰሶ ላይ የሚወጣው የቢሮው ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ የሁለት ልጆች አባት። ቅጽል ስሙን ራሱ በትልልቅ ፊደል ሄልሜቱ ላይ ጽፎታል። በማግስቱ ጠዋት ወገቡን በገመድ አስሮ አራተኛው ምሰሶ ላይ ወጣ። አክስቴ ከወንዙ ዳር ወንበሯ ላይ ናት፤ አንድ ዓይኗ ካሜራው ላይ፣ ስልኳ ድምፁ ተከፍቶ ጭኗ ላይ።

«እትዬ፣ መስመርሽ ጋ ደርሻለሁ። እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው! የእኔን ልጅ አስተምሪልኝ።»

«ጽሑፌን ተወው። ጓንትህን አውልቅ።»

«ይበርዳል እኮ።»

«አውልቅ አልኩህ! ጣትህን ከመስመሩ በላይ አሂድ። በቀስታ። እንደ ሕፃን ጉንጭ።»

«ምንም የለም… ምንም የለም… ሸካራ ነው እንጂ ምንም…»

ድምፁ ተቋረጠ። ወንዙ ብቻ ይሰማል።

«ጦጣው?»

«ቆዪ እትዬ።» የትንፋሹ ድምፅ መጣ። «አልፏል። ጸጉር ናት፣ ግን አልፋለች። ጥፍሬ ይያዛል። አንድ ስንዝር… ስንዝር ተኩል… እትዬ፣ ወደ መሸከሚያው ነው የምትሄደው።»

አክስቴ ካሜራውን ወደ እኔ አዞረችው። ተጠግቼ አየሁ። የጦጣው ጣት መላውን ስክሪን ሞልቶታል። ጥፍሩ ሥር ያለውን ቆሻሻ አየሁ፤ አንጓው ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አየሁ፤ በብርድ የቆመ ጸጉሩን ሳይቀር አየሁ። ከጣቱ ሥር ያለው ኮንክሪት ግን እንደ ወረቀት ለስላሳ ነበር። እዚያ ላይ ስንጥቅ አለ። የሰው ጣት እየነካው ነው። አርባ ሜትር ተሻግሮ የሰውን ጠባሳ የሚቆጥር መሣሪያ፣ ያንን አላየም፤ አለማየቱንም አልነገረንም። ከዚያ ወዲህ የራሴን ጣቶች ለብዙ ቀን አተኩሬ ሳያቸው ከረምኩ።

ጦጣው ሲወርድ እጁን እያፋተገ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ስለ መዝገብ ክፍሉ እሱም ሰምቷል።

«እትዬ፣ ባትጠሪኝ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።»

«አንተ፣ ጠዋት ጠዋት ልጆችህን ትምህርት ቤት የምታደርሰው በየት በኩል ነው?»

በጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ድልድዩ አመለከተ።

«እንግዲያስ ሂድና እጅህን አሙቅ» አለችው።

ሪፖርቷ አንድ ገጽ ነው። ከጥንካሬው ጀመረች፤ አልሰሰተችም። የእጅ መንቀጥቀጥን እንደሚያስቀር፣ በፀሐይ ብርሃን ከአርባ ሜትር ጽሑፍ እንደሚያስነብብ፣ ዝገትና የተፈነቀለ ኮንክሪት ለመፈለግ በአንድ ጠዋት የሳምንት ሥራ እንደሚሠራ ጻፈች። ከታች እንዲህ ይላል፦ «ይህ ካሜራ ያየውን ሲናገር እውነቱን ነው። ያላየውን ግን አላየሁም አይልም፤ በቦታው ለስላሳ ግድግዳ ሥሎ ያሳያል። ስለዚህ አለ ሲል ይታመን። የለም ሲል ሰው ይውጣ።» ከዚያ ቀጥሎ በቀይ፣ አራተኛው ምሰሶ መንቃቱን፣ ተጠግኖ እስኪያልቅ አውቶቡስና የጭነት መኪና እንዳይሻገር የሚል አለ።

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።

«ስለ ምሰሶው አሁኑኑ እፈርማለሁ» አላት። «ስለ ካሜራው ግን… እዚህ ጋ "በጥላ ቦታ አልፎ አልፎ ላያሳይ ይችላል" ብንለውስ? ውሸት አይሆንም። እርስዎም ውጭ ይቀራሉ። እኔ እኮ ላጣዎት አልፈልግም።»

«አንተ ልጅ፣ አልፎ አልፎ የሚወድቅ ድልድይ አይተህ ታውቃለህ?»

አላየም። ሁለቱንም ፈረመ።

ሰኞ ጠዋት አክስቴ መዝገብ ክፍል ሥራ የምትጀምርበት ቀን ነበር፤ እስከ ቢሮዋ ልሸኛት አብሬያት ሄድኩ። አውቶቡሱ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀይና ነጭ የተቀባ እንጨት መንገዱን ዘግቶታል። ሾፌሩ፣ «ሁላችሁም ውረዱ! በእግር ተሻግራችሁ ወዲያ ማዶ ሌላ መኪና ያዙ!» አለ። ወረድን። ከኋላችን ሌሎች አውቶቡሶች ተደርድረዋል፤ ሰዉ እየጎረፈ ነው፤ ቦርሳ የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ ጫማውን የረገመ። ይህን ሁሉ እግር በድልድዩ ላይ አንድ ላይ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ድምፁ እንደ ዝናብ ነው።

ከጎናችን ከረባት ያሰረ ወፍራም ሰውዬ ላቡን እየጠረገ ይራመዳል።

«የትኛው ደንቆሮ ነው ይሄን ያዘጋው? ምኑ ተበላሸና?»

«አንዲት አሮጊት ናት አሉ» አለች አክስቴ።

«አሮጊት?»

«ጉልበቷን ስላመማት ሰው ሁሉ እንደኔ በእግሩ ይሂድ ብላ ነው ይባላል።»

«ወይ ጉድ! ቢሮ ቁጭ ብላ ነዋ! እስቲ እሷ ራሷ እዚህ መጥታ ብትሄደው!»

«እኔም እሱን ነው የምለው» አለች።

ሳቄን ልውጥ ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ። ድልድዩ መሐል ስንደርስ እግሯ መጎተት ጀመረ። አራተኛው ምሰሶ ከሥራችን መሆኑን ከእርምጃዋ አወቅኩ፤ እሷ ግን ወደ ታች አላየችም፤ እንደ ሌላው ሰው ፊት ለፊቷን ነበር የምታየው። ልደግፋት እጄን ስዘረጋ ሰውዬው ቀደመኝ።

«እናቴ፣ ያምዎታል እንዴ? ይያዙኝ፣ ይያዙኝ። አይፍሩ፣ ይልቀቁት ክብደቱን።»

ክንዷን በክንዱ አጥብቆ ያዘ። እንደ ልጇ፣ በእሷ እርምጃ ልክ እየተራመደ፣ ያቺን ድልድዩን ያዘጋችውን አሮጊት መንገዱን ሁሉ እየረገመ አሻገራት።